አልሰረዝ የሚሉ ቀለሞች በኢንዲዛይን

የመጽሔትና የብሮሸር ገጽ በሚዘጋጅበት ፕሮግራም በአዶቢ ኢንዲዛይን፣ አንድ ሥራ የሚጠቀምባቸው ቀለሞች ስዋችስ በሚባለው ሰሌዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሰሌዳው በኤፍ5 ይከፈታል። ጽሑፉ ከአንዱ፣ ሎጎው ከሌላው በሚመጣበት መጽሔት ወይም ብሮሸር ላይ ማንም አውቆ ያልጨመራቸው ቀለሞች እዚያ ይጠራቀማሉ።

አብዛኞቹ ዝርዝሩን ከማጨናነቅ ያለፈ ጉዳት የላቸውም። የሚያሳስበው ስፖት ከለር፣ ማለትም አስቀድሞ ተቀላቅሎ ለብቻው የሚታተም ቀለም ነው። ፕሮሰስ ቀለም ከሳያን፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ስለሚገኝ በአራት ፕሌት (ለእያንዳንዱ ቀለም በሚሠራ የማተሚያ ቆርቆሮ) ያልቃል፤ ስፖት ግን የራሱን ፕሌት ይጠይቃል። በአራት ቀለም ዋጋ የተዋዋሉበት ሥራ አምስት ፕሌት ይዞ ማተሚያ ቤት ከደረሰ ወይ ሂሳቡ ይጨምራል ወይ ፋይሉ ይመለሳል። ከሁሉ የሚከፋው አምስተኛው ፕሌት ሳይሠራ ቀርቶ ሎጎው ከገጹ ላይ ሲጠፋ ነው።

በማዕዘን ቅንፍ የተከበቡት ነን፣ ሬጂስትሬሽን፣ ፔፐርና ብላክ የፕሮግራሙ ስለሆኑ አይሰረዙም፤ መታገልም አያስፈልግም። ሬጂስትሬሽንን ግን እንደ ጥቁር ቆጥሮ ለጽሑፍ መጠቀም ከባድ ስህተት ነው፦ በሁሉም ፕሌት ላይ ስለሚወጣ ቀለሙ እስከ 400 በመቶ ይደራረባል፣ ቶሎ አይደርቅም።

ጽዳቱ የሚጀምረው ከሰሌዳው ሜኑ «ሴሌክት ኦል አንዩዝድ» ብሎ የተመረጡትን በመሰረዝ ነው። የቀሩት አንድ ነገር የያዛቸው ናቸው። ያ ነገር ሁልጊዜ ገጹ ላይ አይታይም፤ ማንም ያልተጠቀመበት የአንቀጽ ስታይል፣ ማስተር ፔጅ (በአዲሶቹ ቅጂዎች ፔረንት ፔጅ)፣ የተደበቀ ሌየር ወይም ከገጹ ውጭ የተጣለ ፍሬም ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ ያለ ቀለም ሲሰረዝ ፕሮግራሙ ምትክ ይጠይቃል። «ዲፋይንድ ስዋች» መርጦ ትክክለኛውን ቀለም መስጠት ይገባል። «አንኔምድ» ከተባለ ስሙ ብቻ ይጠፋል፣ ቀለሙ ዕቃው ላይ ይቀራል።

መሰረዣው ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ስፖቱ የመጣው ከውጭ ከገባ ፒዲኤፍ፣ ኢፒኤስ ወይም የኢለስትሬተር ፋይል ነው፤ በተለይ የስፖንሰር ሎጎዎችን መጠርጠር ነው። በሺፍት ኤፍ6 ሴፓሬሽንስ ፕሪቪውን ከፍቶ «ቪው» የሚለውን ወደ ሴፓሬሽንስ መቀየር፣ ከዚያ ከተጠረጠረው በቀር የሌሎቹን የዓይን ምልክት ማጥፋት። ብቻውን የቀረው ቀለም ስክሪኑ ላይ በጥቁር ስለሚታይ ገጾቹን እያገላበጡ ማግኘት ቀላል ነው። ከዚያ ሎጎውን በኢለስትሬተር ከፍቶ የስዋቹን ዓይነት ከስፖት ወደ ፕሮሰስ፣ ሞዱን ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የፕሮሰስ ቀለሞች) መለወጥ፤ ሴቭ አድርጎ ሊንኩን ማደስ።

ዋናው ፋይል ካልተገኘ ኢንክ ማኔጀር አለ። «ኦል ስፖትስ ቱ ፕሮሰስ» ሲመረጥ ስሙ በሰሌዳው ላይ ይቆያል፣ ፕሌት ግን አይወጣለትም። ደማቅ ብርቱካናማ ሲቀየር መደብዘዙ ስለማይቀር ደንበኛውን አስቀድሞ ማሳየት ይበጃል። አንድ ቀለም በሁለት ስም፣ ለምሳሌ ፓንቶን በሚባለው የስፖት ቀለሞች መለያ 185 ሲ (ለተለበጠ ወረቀት) እና 185 ዩ (ላልተለበጠ) ጎን ለጎን ከተገኙና ስፖቱ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ እዚያው «ኢንክ ኤልያስ» በሚለው አንዱን ወደ ሌላው ማዞር ሁለቱን በአንድ ፕሌት ያወጣቸዋል።

ስማቸው «ወርድ» ብሎ የአርጂቢ (የስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ቁጥር የሚያስከትል ቀለሞች ከማይክሮሶፍት ወርድ ጽሑፍ ጋር የገቡ ናቸው። ሦስቱም ቁጥር ዜሮ የሆነበት ጥቁር ይመስላል፤ ሲታተም ግን በአራቱ ፕሌት ላይ ይከፋፈላል። ፕሌቶቹ በጥቂቱ ከተዛነፉ ደቃቅ ፊደል ይደበዝዛል። ሰርዞ በብላክ መተካት ነው። ለወደፊቱ ፋይሉ ሲገባ «ሾው ኢምፖርት ኦፕሽንስ» ላይ ፎርማቱን ማስወገድ ይቻላል፤ ደማቁና ሰያፉ ጽሑፍም አብሮ እንደሚጠፋ ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

ግራፊኩ ወጥቶም ስሙ አልጠፋ ካለ ፋይሉን በአይዲኤምኤል (የኢንዲዛይን የልውውጥ ፎርማት) ማስቀመጥ፣ እሱን ከፍቶ በአዲስ ስም ሴቭ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያጸዳዋል። በየአዲሱ ፋይል የሚመጣ ቀለም ሲሆን ደግሞ ሁሉንም ሰነድ ዘግቶ ከሰሌዳው መሰረዝ ነው፤ ሰነድ ሳይከፈት የተደረገ ለውጥ ለቀጣዮቹ መነሻ ይሆናል።

በነፃው የገጽ ዝግጅት ፕሮግራም በስክራይበስ እንዲህ ያሉ ቀለሞች «ፍሮም ኢፒኤስ» ወይም «ፍሮም ኤስቪጂ» በሚል ስም ይመጣሉ። በኤዲት ሜኑ ከቀለሞች መስኮት «ሪሙቭ አንዩዝድ» ያልተሠራባቸውን ይጠርጋል፤ የቀረው ሲሰረዝ እዚያም ምትክ ይጠየቃል።