ልብ ወለድ ጸሐፊ ከቦታና ከሰው የሚቀዳው፦ በጅማ ማሳያነት

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይህ መረጃ ለመዝገብ ይበቃል፤ ለልብ ወለድ አይበቃም። አንድ ታሪክ ጅማ ውስጥ ተፈጸመ ማለት የሚቻለው ቦታው የገጸ ባሕርያቱን ኪስ፣ ሰዓት፣ ጫማና አነጋገር ሲወስን ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የከተማዋን ስም በሌላ ከተማ ስም መተካት። ታሪኩ ምንም ሳይናጋ ከቀጠለ ጅማ ገና አልገባችበትም።

በጅማ ዙሪያ የገንዘቡን ወቅት የሚቆጥረው ቡና ነው። ዛፉ ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት፣ በነጭ አበባ ይሸፈናል። ሽታው ከሩቅ ያውዳል፤ አበባው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል። ፍሬው እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሰርጉ፣ የዕዳ ክፍያው፣ የቆርቆሮ ግዢው፣ የልጆች ልብስ ሁሉ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያው ገበሬ እጁ ያጥረዋል። ስለዚህ ደራሲው በነሐሴ ትልቅ ድግስ ካስደገሰው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማሳየት ይኖርበታል። ብዙ ረቂቆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ አበባውና ለቀማው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚገናኙበት ምዕራፍ ለአካባቢው አንባቢ ወዲያው ይፈርሳል።

ከሁሉ የበለጠ ለደራሲ የሚጠቅመው ግን በእሸት (ገና ባልደረቀው ቀይ ፍሬ) እና በጀንፈል (ከነልጣጩ በደረቀው ፍሬ) መካከል ያለው ልዩነት ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ተከማችቶ ካደረ መብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። ጀንፈል ደግሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይደርቃል፤ ቀን በየጊዜው ይገላበጣል፣ ሲመሽና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። እሸት የያዘ ሰው ዛሬውኑ መሸጥ ስላለበት ለመደራደር ጊዜ የለውም። ጀንፈል ያለው ዋጋ እስኪወጣ ድረስ ሊያቆየው ይችላል፤ ግን ሌባ፣ ሻጋታና የዋጋ መውደቅ ያሳስበዋል። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ እሸት ሌላው ጀንፈል የሚሸጡ ቢሆኑ የጠባያቸው ልዩነት ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው፤ አንዱ ችኩል፣ ሌላው ጠርጣራ ቢሆን አንባቢ ምክንያቱን አይጠይቅም። ነጋዴው ሲያወራም በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።

ዝናቡም የራሱ ሥራ አለው። በጅማ ዝናብ በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል፤ የአዲስ አበባን ክረምት ለጅማ ማልበስ የተለመደ ስሕተት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዶፍ ሲወርድ ንግግር ይቋረጣል፤ ሰው ወይ ይጮኻል ወይ ይጠጋል። አንድ የተደበቀ ነገር የሚነገርበትን ትዕይንት ለጻፈ ሰው ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው።

የዘመን ስሕተት ሌላው ወጥመድ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲዋሐዱ ነው፤ ከዚያ በፊት የተማረ ገጸ ባሕርይ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ ሊባል አይችልም። የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 በመሆኑ፣ በደርግ ዘመን የሚጓዝ ሰው የግድቡን ሐይቅ ሊያይ አይችልም። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው፤ «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም መሆኑን የማያውቅ ጸሐፊ የዚያን ዘመን ባላባት እንዴት እንደሚጠራ ይጠፋዋል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ እሱም መሰላት አለበት፤ በ1996 ዓ.ም. በጥቅምት አጋማሽ ገብቶ ከለቀማው ጋር ተገጣጥሟል፣ በ2015 ዓ.ም. ግን በመጋቢት አጋማሽ ገባ። ጾም ይዞ ቡና የሚለቅም ሰው በየዓመቱ አይገኝም።

ቦታን ለመመዝገብ አንድ ሥፍራ በተለያየ ሰዓትና ቀን መጎብኘት ያስፈልጋል። የሂርማታ ገበያ ሐሙስና ማክሰኞ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው። ከመሀል ከተማ ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሽቅብ በእግር መውጣትም ከካርታ የማይገኝ ነገር ያስተምራል፦ ትንፋሽ የሚቆረጠው የት ነው፣ ጥላ ያለው የት ነው፣ ከተማው በሙሉ የሚታየው ከየትኛው መታጠፊያ ነው። ማስታወሻ ላይ ቅጽል ሳይሆን ግስና ስም ይጻፍ፤ «ውብ» የሚል ቃል ከዓመት በኋላ ምንም አያስታውስም፣ «ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ» ግን ክፍሉን በሙሉ መልሶ ያመጣል።

ሰውን በተመለከተ፣ ገጸ ባሕርይ ከአንድ ሰው ብቻ ሲቀዳ ሁለት ችግር ይፈጠራል። አንደኛ፣ ደራሲው ሰውዬው «በእውነት ያደረገውን» መጻፍ ይጀምርና ታሪኩ ይታሰራል። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ራሱን ያገኛል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሕይወት ያለን ሰው ስም ማጥፋትን በቁጥር 2044 ያስጠይቃል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢ ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ የዘመኑን ባለሥልጣናት ለየ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛቸው ጠፋ። የሚበጀው ከአንዱ ሰው የንግግሩን ዜማ፣ ከሌላው የሚደብቀውን ፍርሃት፣ ከሦስተኛው ሙያውን ወስዶ ማዋሐድ ነው። ስም ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ሥራው፣ ሰፈሩ፣ የቤተሰቡ ቁጥር ሲቀየር ጠባዩም አብሮ ይለወጣል፣ ገጸ ባሕርዩም ያኔ በራሱ መቆም ይጀምራል።

አነጋገር ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ። በጅማ ብዙ ሰው በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዳውሮኛ፣ ካፊኛና የምኛም ይሰማሉ። ገበሬው ከሚስቱ ጋር በአፉ በፈታበት ቋንቋ ሲያወራ፣ አማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ንግግሩን ሰባብሮ ማቅረብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው፤ ሰውየው በራሱ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ ነውና። እንዲህ ያለው ንግግር በሙሉና በጥሩ አማርኛ ይጻፍ፣ «ኦቦ» እና «አዴ» የመሳሰሉ የአክብሮት መጠሪያዎች እንዳሉ ይቆዩ። የተሰባበረው አማርኛ የሚመጣው ያው ሰው መሥሪያ ቤት ገብቶ በአማርኛ ለማስረዳት ሲቸገር ነው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚናገር አስቀድሞ የሰማ አንባቢ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ፊት ሰውየው ያጣውን ነገር ማንም ሳይነግረው ያየዋል።