ከፉሪ ተራራ እስከ ቡራዩ፦ የሰላም፣ የኑክሌር ጦር መሣሪያ እገዳና የሰብዓዊ መብት ሥራ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የአዲስ አበባ ዳርቻ ሲባል በዚህ ጽሑፍ በከተማዋ አስተዳደር ወሰን ጫፍ ያሉትን ሰፈሮችና ከወሰኑ ማዶ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያሉትን አካባቢዎች ያመለክታል፤ ከሰሜን የእንጦጦ ግርጌና ሱሉልታ፣ ከምዕራብ ቡራዩ፣ ከደቡብ ምዕራብ ፉሪና ሰበታ፣ ከደቡብ አቃቂ፣ ቃሊቲና ገላን፣ ከምሥራቅ ለገጣፎ። በዚህ ቀለበት ውስጥ ሦስቱ ጉዳዮች የገቡበት በር የተለያየ ነው። የኑክሌሩ ጉዳይ በመንግሥት ዲፕሎማሲና በሳይንስ መሣሪያ በኩል መጣ። የሰብዓዊ መብቱን ተማሪዎች፣ ምሁራንና ከመሬታቸው የተነሱ ገበሬዎች አነሱት። ሰላሙ ግን ከሁለቱም ቀድሞ በሽማግሌና በእድር እጅ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው እዚያው ነው።

የ1954ቱ ውሳኔ

ኢትዮጵያ ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ስትናገር ከመጽሐፍ ጠቅሳ አልነበረም። የጣሊያን አውሮፕላኖች በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ያዘነቡት፣ ጣሊያን ራሷ የፈረመችው የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከከለከለ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ አሰምተዋል፤ የሰማቸው እንጂ የረዳቸው አልነበረም።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። ሐሳቡን ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። ውሳኔው በኑክሌር ጦር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር በቀጥታ የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን ያውጃል። በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ከተቃወሙት መካከል አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ነበሩበት፤ ከመካከላቸው ፈረንሳይ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ቀደም ብላ በሰሐራ በረሃ የመጀመሪያ ቦምቧን አፈንድታለች። በዚያው ቀን የጸደቀው ውሳኔ 1652 ደግሞ አፍሪካ ከኑክሌር ነጻ ቀጣና ሆና እንድትከበር የሚጠይቅ ነው።

ውሳኔ 1653 አስገዳጅ ሕግ አልሆነም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1996 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ ሕጋዊነት አስተያየቱን ሲሰጥ ውሳኔውን ሳይጠቅስ አላለፈም። አዲስ አበባን ለማወደስ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ነው። የ1954ቱ ውሳኔ ከዚያ ያላነሰ መታሰቢያ ይገባው ነበር።

በመጋቢት 1954 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሥራ በጀመረው የአሥራ ስምንቱ አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥም ኢትዮጵያ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ሆና ተቀመጠች። ስምንቱ በሚያዝያ ወር ባቀረቡት የጋራ ሰነድ፣ የኑክሌር ሙከራን ማገድና መቆጣጠር በሳይንስ እንጂ በስለላ መመሥረት እንደሌለበት፣ ለዚህም በየአገሩ ያሉት የምልከታ ጣቢያዎች እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ኮረብታዎች የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

የፉሪ ጣቢያ

በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ የተጀመረው በ1957 (እ.ኤ.አ.)፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒዬር ጉዋን የምልከታ ጣቢያውን አቋቁመው ለብዙ ዓመታት መርተውታል። መነሻው የምድር መግነጢስ ጥናት ነበር፤ ከተማዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ለዚያ ተመራጭ አድርጓታል። ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ተጨመረ። በ1953 ዓ.ም. ማብቂያ የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ መጀቴን ሲጎዳ ጉዋን አካባቢውን አጥንተው ጽፈዋል። ይህ ካራ ቆሬ በደሴ መንገድ ያለው ነው እንጂ ወደ ሰበታ ሲወጣ የሚገኘው የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ አንባቢ አይጠፋም።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአዲስ አበባው ጣቢያ ከ100 በላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎችን ያቀፈው ዓለም አቀፍ መረብ አባል ሆነ። የመረቡ ወጪ የተሸፈነው በአሜሪካ መንግሥት ሲሆን ዋናው ምክንያትም ከመሬት በታች የሚደረጉ የኑክሌር ሙከራዎችን ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ መለየት ነበር። ሳይንቲስቶቹ ያገኙት ጥቅም ከዚያ በለጠ፤ የምድር ቅርፊት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የተረዱት በአብዛኛው በዚህ መረብ መረጃ ነው።

ዛሬ ሥራው በፉሪ ተራራ ላይ ይካሄዳል። ጣቢያው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይንከባከበዋል። የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ በሚያግደው ውል የቁጥጥር ሥርዓት ውስጥ «ረዳት የሴይስሚክ (የመሬት ንዝረት መለኪያ) ጣቢያ» ተብሎ ተመዝግቧል። ዋና የሚባሉት ጣቢያዎች መረጃቸውን ያለማቋረጥ የውሉ የመረጃ ማዕከል ወዳለበት ቪየና ይልካሉ፤ ረዳቶቹ የሚልኩት ከዚያ ሲጠየቁ ነው። በውሉ የታቀዱት ተቋማት 337 ሲሆኑ ከእነዚህ 120ዎቹ እንደ ፉሪ ያሉ ረዳቶች ናቸው።

ፍንዳታና መንቀጥቀጥ የሚለዩበት ዘዴ ለማስረዳት አይከብድም። ፍንዳታ ዙሪያውን ያለውን ዐለት ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል። መንቀጥቀጥ ግን ዐለት በስንጥቅ ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠር በመሆኑ በአንዱ አቅጣጫ ሲገፋ በሌላው ይስባል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ጣቢያዎች የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደመዘገቡ ተነጻጽሮ ይታያል። ፍንዳታ በተጨማሪ ቀድሞ የሚደርሰውን ፈጣን ሞገድ አጉልቶ፣ በምድር ገጽ የሚጓዘውን ዘገምተኛ ሞገድ አሳንሶ ያሳያል። ጥልቀቱም ምስክር ነው፤ ከመሬት በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ዘልቆ ቦምብ የሚቀብር የለም።

ኢትዮጵያ የሙከራ እገዳውን ውል በመስከረም 1989 ዓ.ም. ፈርማ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. አጽድቃለች። አፍሪካን ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ውልም ተቀብላለች፤ ይህ ውል ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። የሙከራ እገዳው ውል ግን የግድ ሊያጸድቁት ከሚገባቸው 44 አገሮች አንዳንዶቹ ስላላጸደቁት እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ሩሲያም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ማጽደቋን ሽራለች። ትልልቆቹ ባልጨረሱት ውል ፉሪ ድርሻውን ይወጣል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ጣቢያው የሚታወሰው በሌላ ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራና ከአዋሽ አካባቢ የተነሱት ተከታታይ መንቀጥቀጦች የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ሲያወዛውዙ ሕዝቡ ማብራሪያ የጠበቀው ከዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ነበር። መሣሪያው ጸጥታ ይወዳል፤ የከባድ መኪና ንዝረት እንኳ መዝገቡን ያደበዝዛል። ከተማው ግን በለቡና በጀሞ በኩል ወደ ተራራው እየተጠጋ ነው።

ኑክሌር ለሰላም ሲውል ማየት የፈለገ ደግሞ ወደ ቃሊቲ ይሂድ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በዚያ የተመረቀው ማዕከል የከብቶች የገንዲ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን የጸጸ ዝንብ ያረባና ወንዶቹን በኮባልት 60 ጨረር ያመክናል፤ እነዚህ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲለቀቁ ዝርያው እየተመናመነ እንዲሄድ ነው የታሰበው። የቃሊቲን ስም አገር ያወቀው ግን በዚህ ማዕከል ሳይሆን በእስር ቤቱ ነው።

ከሾላ እስከ ኢሰመጉ

በዳር ሰፈር የሚገኝን ሰው መብት ይዞ አደባባይ መውጣት በግልጽ የታየው በ1958 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ለማኞችንና መጠጊያ የሌላቸውን ከመንገድ እያፈሰ በወቅቱ የከተማዋ ጫፍ በነበረው ሾላ በአንድ ግቢ አጉሯቸው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁኔታውን አይተው «ድህነት ወንጀል ነውን?» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ከዓመት በፊት «መሬት ለአራሹ» ያሉት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው፤ የሾላው ሰልፍ ግን ከመሬቱ ጥያቄ ያነሰ ስፍራ ተሰጥቶት ቀርቷል።

በደርግ ዘመን «ሰላም» መንግሥት ባደራጃቸው ኮሚቴዎች አፍ የሚነገር መፈክር ሆነ፤ የሰፈር ጠብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ ተቋቋሙት የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች ሄደ።

በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሰብሳቢነት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ተመሠረተ። ጉባኤው የሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል፤ የተገደለውን፣ የታሰረውን፣ የተፈናቀለውን በስም፣ በቀንና በቦታ መዝግቦ ማውጣት። ይህ ቀላል ነገር ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነገግ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ ተዘጉ፣ ከስሙም «ኢትዮጵያ» የሚለው ወጥቶ ሰመጉ ተባለ። ስሙን መልሶ ያገኘው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን ሕግ ከሻረ በኋላ ነው።

ዳርቻው ራሱ የመብት ጥያቄ ማዕከል የሆነው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ምክንያት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሳው ተቃውሞ ዕቅዱ ገበሬዎችን ከመሬታቸው ያፈናቅላል የሚል ነበር፤ መንግሥት ለተቀናጀ ልማት የታሰበ ነው ሲል ቆይቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ሰረዘው። በተቃውሞው ስለሞቱት ሰዎች ቁጥር ስምምነት የለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በሰኔ 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ 173 ሲል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ400 በላይ ብሏል። ከዚያ ወዲህ በለገጣፎና በሌሎቹ ዙሪያ ከተሞች የተካሄዱት የቤት ፈረሳዎችም ያከራክራሉ፤ ባለሥልጣናት ሕገ ወጥ ግንባታ ሲሉ ነዋሪዎች ግብር የከፈሉበት ቤት ይላሉ።

ቡራዩና እርጥብ ሣር

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት ከተጎዱት ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎች ከእንጦጦ ሥር ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በከተማዋ ዳር የኖሩት ከብዙ ትውልድ በፊት ጀምሮ ነው። ፖሊስ የሟቾችን ቁጥር በመጀመሪያ 23 ሲያደርሰው አምነስቲ ኢንተርናሽናል 58 አድርሶታል። የተፈናቀሉት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ ምግብ፣ ብርድ ልብስና ልብስ ተሸክሞ የደረሰላቸው የከተማው ሕዝብ ነው።

ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ባህላዊ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ልማድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን ማለፍ ነውር ነው፤ ወጣቶቹም አላለፉም። በዚያ ቀን አርባ ምንጭ ያሉ የኦሮሞ ተወላጆችና ንብረታቸው ሳይነካ ቀረ። በአገሪቱ የቅርብ ዘመን ታሪክ ስለ ሰላም ከተሠራው ሁሉ ይህን የሚበልጥ ማግኘት ያስቸግራል። መነሻው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ፍጻሜው ግን ከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መሆኑም የከተማዋ ዳር ከየት ከየት በመጣ ሰው እንደተሠራ ያሳያል።

በዳርቻው በየዕለቱ የሚሠራበት የእርቅ ሥርዓት ይህን ያህል የሚታይ አይደለም። በኦሮሞው ዘንድ በሽማግሌ የሚካሄደው ጃርሱማ፣ ደም በፈሰሰ ጊዜም ጉማ አለ። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሽምግልና፣ ጥፋተኛው ባልታወቀ ጊዜ ደግሞ መንደርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የሚመክርበት አውጫጭኝ ነበር። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሳ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ያለነቀፋ ማቅረብ ግን ሐቅን ማጉደል ነው። ሽማግሌዎቹ ባብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ የሴት በደል «በቤት ይለቅ» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ዋና ቅሬታም ይኸው ነው።

እድር

እድር መቼ እንደ ተጀመረ ሁለት አስተያየት አለ፤ አንዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲል ሌላው ከዚያ ቀደም ብለው ወደ ከተማ የገቡ ጉራጌዎች ጀመሩት ይላል። ሁለተኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ያም ሆነ ይህ እድር ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ ጎረቤትን በአንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ የተጣሉ ሰዎች ለቅሶ ቤት ተገናኝተው በእድሩ ዳኛ ፊት የሚታረቁበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ጊዜም ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መጦርና ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደግ ጀምረዋል።

ከመሃል ከተማ መነሳት ለእድር ፈተና ሆነ። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ በቅርቡም ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱት ሰዎች በየጋራ መኖሪያው፣ በገላን ጉራና በመሳሰሉት ሰፈሮች ሲበተኑ አንዳንዱ እድር ገንዘቡን ተካፍሎ ፈረሰ። ሌላው የሩቅ አባላቱን እንደያዘ ቀጠለ፤ በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ድሮ ሰፈሩ ለቅሶ የሚመጣ ሰው አሁንም አለ። በአዲሶቹ ሰፈሮች በየሕንጻው የተመሠረቱት እድሮች ከመዋጮውና ከድንኳኑ ጋር የውኃ፣ የጥበቃና የጎረቤት ጠብ ጉዳይንም ደርበው ይዘዋል።

በወሰኑ ሁለት ወገን

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁሟል፤ ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ የሽማግሌዎች ውሳኔ በሕግ የታወቀ ሸንጎ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ በኩል ሽምግልና የሚቆመው በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ላይ ነው፤ ካልተስማሙ መደበኛው ፍርድ ቤት አለ። ግቢያቸው ተጎራብቶ ወሰኑ በመካከላቸው የሚያልፍ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ የሚመረጠው ግን እንደ ድሮው ከሁለቱም ወገን ነው፤ ቡናም የሚፈላው መጀመሪያ ለመናገር በተስማማው ቤት ነው።