ሰማይና ባሕር ለምን ሰማያዊ ሆኑ? ከልጅነት ጀምሮ የሰማናቸው ስህተቶች

ልጅ ይህን ሲጠይቀን አብዛኞቻችን አንዱን በሌላው አሳበን እናልፋለን። ሰማዩ ከባሕሩ፣ ባሕሩ ከሰማዩ ቀለም ተበደረ እንላለን። ሁለቱ ግን የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበትናል፤ ውሃ ደግሞ ቀዩን ይውጣል።

«ሰማዩ ሰማያዊ የሆነው ባሕሩ ተንጸባርቆበት ነው»

ይቺ እንኳን ለእኛ አትሆንም። ባሕር የለን፤ ሰማያችን ግን ምን ጎደለው? እንዲያውም ስሜን ተራሮች ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ቀና ያለ ሰው፣ ቆላ ላይ ከሚታየው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን የቀስተ ደመና ቀለማት ሁሉ ድብልቅ ነው። አየር ውስጥ ሲገባ ከናይትሮጂንና ከኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ይገናኛል። የሞገድ ርዝመቱ ያጠረ ብርሃን የበለጠ ይበተናል። 450 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ያለው ሰማያዊ፣ 700 ናኖሜትር ካለው ቀይ ስድስት እጥፍ ገደማ ይበተናል። ስለዚህ ከፀሐይዋ ውጪ በየትም በኩል ብናይ፣ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው በብዛት ያ የተበተነው ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ ብርሃኑ ብዙ አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ልክ ከአናታችን በላይ የሚቆየው ደማቅ ሰማያዊ በአብዛኛው ኦዞን የተባለው፣ አየር ውስጥ ከፍ ብሎ የሚገኝ ጋዝ ሥራ ነው። ኦዞን ብርቱካናማውንና ቢጫውን ብርሃን ይመጥጣል። ይህን ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ይዘለዋል።

«ሰማያዊ የሚያደርገው አቧራና እንፋሎት ነው»

በዚህ እንኳ ትልልቆቹ የፊዚክስ ሊቃውንትም ተሳስተዋል። ጆን ቲንዳል በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ቀለሙ የሚመጣው አየር ላይ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ብናኞች ነው ብሎ ነበር። ሎርድ ሬሊ በ1871 የመበተኑን ሕግ በሒሳብ አስቀመጠ፤ በ1899 ደግሞ አቧራ ባይኖርም የአየር ሞለኪውሎች ብቻቸውን እንደሚበቁ አሳየ።

አቧራ ሥራው ሌላ ነው፤ ሰማዩን ያነጣዋል። ብናኙ ተለቅ ሲል ቀለማቱን ሁሉ ሳይመርጥ ይበትናል። የካቲት ላይ እንጦጦ ወጥታችሁ አዲስ አበባን ቁልቁል እዩት፤ አድማሱ ላይ የነጣ ነገር ተጋርዷል። ክረምቱ አየሩን አጥቦት መስከረም ሲጠባ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

«እንዲያ ከሆነማ ወይን ጠጅ መሆን ነበረበት»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወይን ጠጅ ከሰማያዊ የባሰ ይበተናላ። ግን ፀሐይ የምትልከው ወይን ጠጅ ብርሃን አነስ ያለ ነው፤ ዓይናችንም ለእሱ ደካማ ነው።

«ባሕሩ የሰማዩ መስታወት ነው»

ሬሊ ራሱ ያመነው ይህን ነበር። ያላመነው ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ነው። በ1921 በመርከብ ሲጓዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት ገረመው። የተንጸባረቀውን የሰማይ ብርሃን የሚያስቀር ክሪስታል በዓይኑና በውሃው መካከል አስገብቶ ተመለከተ። ባሕሩ ቀለሙ አልጠፋም፤ እንዲያውም ደመቀ። ራማን ምክንያቱን ለውሃ ሞለኪውሎች መበተን ሰጠ። ዛሬ ዋናው ድርሻ ለመዋጡ ይሰጣል። የውሃ ሞለኪውል ሲርገበገብ ከቀዩ ብርሃን ጥቂት ጥቂት ይወስዳል። ለዚህ ነው ጠላቂ ዋናተኛ አሥር ሜትር ገደማ ሲወርድ ቀይ ነገር ሁሉ የሚጠቁርበት።

«ታዲያ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ለምን ቀለም የለውም?» ቀለምስ አለው፤ ግን ውሃው ማነሱ ነው። ሻይ በማንኪያ ሲቀዳ የገረጣ፣ በብርጭቆ ሲሆን የጠቆረ እንደሚመስለው ነው።

መስታወት አለመሆኑን ለማየት አርባ ምንጭ ይበቃል። ከከተማው ከፍታ ላይ ሆናችሁ ዓባያንና ጫሞን ጎን ለጎን ታያላችሁ። በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ ብቻ ነው። ሰማያቸው አንድ፣ ፀሐያቸው አንድ። ዓባያ ግን ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ዓባያ ውስጥ የማይዘቅጥ ደቃቅ ደለል ሞልቷል፤ ብርሃኑ ጠልቆ ሳይገባ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ቀለሙን ያገኘው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። ሰማዩ ነጸብራቅ አይሰጥም ማለቴ አይደለም። ዝቅ ብላችሁ ጸጥ ያለ ውሃን በአግድም ስታዩ ደመናው ሁሉ ይታያል። የውሃው የራሱ ቀለም ግን ሌላ ነገር ነው።

ጨው ነው የሚሉም አሉ። ጨው ቀለም የለውም፤ ጥልቅና ንጹሕ የሆነ ጨው አልባ ሐይቅም ሰማያዊ ነው።

«ሰማይ የትም ቢሆን ሰማያዊ ነው»

ጨረቃ ላይ አየር የለም፤ ሰማዩ በቀትርም ጥቁር ነው። ማርስ ደግሞ የኛ ተገላቢጦሽ ናት። ስስ አየሯ ላይ ደቃቅ አቧራ ስላለ፣ ቀን ሰማይዋ ቡናማ ቢጫ ነው። ያ አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ፊት ስለሚያሳልፈው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዙሪያዋ ሰማያዊ ይሆናል። ኪውሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ሮቦት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይህን ፎቶ አንስታ ልካለች።