ቫይታሚን ኢ ምንድን ነው?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ጋ ትንሽ ብትቆሙ ቫይታሚን ኢ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። አንዷ ፊቷን ልትቀባው፣ ሌላው እርጅናን ያዘገይልኛል ብሎ። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይረው በኦክስጅን ነው። በዚህ መሃል ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ኤሌክትሮን ስለሚጎድላቸው ካገኙት ይነጥቃሉ። የሴሎቻችን ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ቅባት ነው። የተነጠቀው ቅባት በተራው ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ ጉዳቱ እየተያያዘ ይሄዳል። ተከፍቶ የከረመ ዘይት ሽታው የሚበላሸውም በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ የራሱን ኤሌክትሮን ይሰጥና ንጥቂያውን ያስቆመዋል። የሰጠውን የሚተካለት ቫይታሚን ሲ ነው። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።

ለዚህ ነው ሱፍ ፍትፍትን የማደንቀው። ሱፉ ቫይታሚን ኢ አለው፤ ቃሪያውና ሎሚው ቫይታሚን ሲ። ቫይታሚን ኢ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም፤ ሱፉ ግን ቅባቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለአዋቂ ሰው በቀን 15 ሚሊግራም ይበቃል። 28 ግራም የሱፍ አበባ ፍሬ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ኑግ፣ ለውዝና ጎመንም አላቸው። እጥረቱ በብዛት የሚታየው ቅባት መምጠጥ የሚያውክ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ነርቭን ይጎዳል።

ቫይታሚኑ ጉዳት ስለሚከላከል ብዙ መውሰድ ዕድሜ ይጨምራል የሚለው ሐሳብ ያሳምናል። ግን ሲሞከር አልሆነም። በአሜሪካና በካናዳ ከ35,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ ሴሌክት የተባለ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ መገኘቱን አሳየ። ፍሪ ራዲካል ራሱ ሁሉም ጠላት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድሉበት መሣሪያም ነው።

በተለይ የእናት አባቶቻችን ነገር ያሳስበኛል። ብዙዎቹ የልብ ወይም የደም መርጋት መድኃኒት ይወስዳሉ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ሲጨመር የመድማት አደጋ ይጨምራል። ከውጭ ዘመድ የላከላቸው ብልቃጥ ካለ፣ ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው ያሳዩት።