ውርጭ ምንድን ነው?

ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን አድራችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩን ቆዳችሁ ያውቀዋል። ማታ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንድ ደመና የለም። ጠዋት በር ስትከፍቱ ደጅ ያደረው ባልዲ ላይ ውሃው እንደ ስስ መስታወት ረግቷል። ሣሩ ነጭ ነው፣ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ይሄ ነው ውርጭ።

ብዙ ሰው ከበረዶ ጋር ያምታታዋል። በረዶ ከደመና ነው የሚወርደው፣ ቆርቆሮ ሲደበድብ ትሰሙታላችሁ። ውርጭ ግን ከየትም አይወርድም። «ውርጭ ጣለ» እንበል እንጂ እዚያው መሬቱና ቅጠሉ ላይ ነው የሚፈጠረው፣ ያለ ምንም ድምፅ። ነጩ ነገር የራሱ ስም አለው፦ አመዳይ። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ቅጠል ላይ ሲለጠፍ አመዳይ ይባላል። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ደግሞ አመዳይ ሳይታይ ቅዝቃዜው ሰብሉን ጨርሶት ያድራል።

ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው። አገራችንን በከፍታ ስንከፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን ወጥተን ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ውርጭ እንለዋለን። መንዝ ጓሳ ከዚያ ውስጥ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ሰሜን ሸዋ ላይ ይሄን በመኪና ማየት ይቻላል። ጣርማበር ላይ ጋቢ ደርባችሁ፣ ጉም ውስጥ ገብታችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራቡ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ማሾና ማንጎ የሚበቅልበት አገር ላይ ናችሁ። እዚያ ውርጭ የሚባል ስጋት የለም። አንድ ዞን ነው እንግዲህ!

ግን ከፍታ ብቻውን ውርጭ አያመጣም። ሐምሌም ደጋው ይበርዳል፣ ሰብል በውርጭ ሲመታ ግን ብዙም አንሰማም። ልዩነቱ ደመናው ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ የወሰደውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ወደ ላይ ይለቀዋል። ደመና ካለ ከሙቀቱ ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሰዋል፣ እንደ ባና ተደርቦ ያሳድረናል ማለት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይገለጣል፣ አየሩም ይደርቃል፣ ስለዚህ ሙቀቱ የሚይዘው አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣ ያድራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ነው።

ነፋስ ካለ ላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ስለሚደባለቅ ትንሽ ይሻላል። ጸጥ ካለ ግን ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። የአያቴ ማሳ በሬሳ ወንዝ አጠገብ ነበር። አፈሩ ጥሩ ነው፣ ውሃ አያጣም፣ ውርጩ ግን ሁልጊዜ እዚያ ይጀምራል። አንድ ጠዋት አብሬው ወርጄ ባቄላውን አየሁት። ጎህ ሲቀድ አረንጓዴ ነበር፣ ቅጠሉ ላይ ብቻ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልውስ አለ። እስከ ረፋዱ ጠቆረ። ዳገቱ ላይ ያለው የጎረቤት ባቄላ፣ ያን ያህል ሳይርቅ፣ ምንም አልሆነም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ውስጡን ይሰባብረዋል፣ ስለዚህ ከቀለጠ በኋላ ራሱን ችሎ መቆም አይችልም።

ገብስ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የሚያታልል ነው። አበባ ላይ እያለ ከተመታ ዛላው ቆሞ ይታያል፣ እጃችሁ ላይ ስታሹት ግን ፍሬ የለውም። ገለባ ነው። የዓመት ልፋት!

እዚህ ላይ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ዝናብ ሲዘገይ የምናወራው ስለ ድርቅ ብቻ ነው። ደጋው ላይ ግን የዘገየ ዝናብ ማለት የዘገየ ዘር ማለት ነው። በጊዜው ቢዘራ ኖሮ ውርጩ ሳይመጣ ይደርስ የነበረው ገብስ፣ ዘግይቶ በመዘራቱ ገና በአበባው ጥቅምትን ይገናኛል። የሰኔ ችግር በጥቅምት ይቆጠራል።

መንዝና ጣርማበር አካባቢ ገበሬው በልግን የሙጥኝ የሚለውም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የተዘራ የበልግ ገብስ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል፣ ውርጩ ከመድረሱ በፊት። የበልግ ዝናብ የቀረ ዓመት ታዲያ ቤተሰቡ ከውርጭ የሚያመልጥበትን ምርት ነው የሚያጣው። በልግን እንደ ትርፍ ዝናብ የሚቆጥር ሰው ሲያጋጥመኝ የምናደደው ለዚህ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር የሬዲዮው ትንበያ ነው። «ዝቅተኛው 2 ዲግሪ» ሲባል ሰው ከዜሮ በላይ ነው ብሎ ይተኛል። የአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚለካው ግን ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ከዚያ በጣም ዝቅ ሊል ይችላል። 2 ዲግሪ ብሎ አመዳይ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሰፊ ማሳን ከውርጭ ማዳን ከባድ ነው። ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥና ረባዳውን ለሣር መተው ይሻላል። የጓሮ ችግኝ ግን ይተርፋል። ቀን መሬቱን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ሰማዩን እዩ። ደመና ከሌለና ነፋሱ ቀጥ ካለ ችግኙን በገለባ ወይ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑት። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ግለጡት።