ፎርጅድ ፊርማ፦ የታዋቂ ሰዎችን ፊርማ በኦንላይን ለሚገዙ

የታዋቂ ሰው ፊርማ መሰብሰብ አዲስ አበባ ውስጥ የጥቂቶች ሱስ ነው። ከዋናው ፖስታ ቤት በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲወጡ ጠገራ ብር፣ የድሮ ቴምብርና መስቀል የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ድሮ ሰብሳቢው እነዚህ ሱቆች ውስጥ ገብቶ ዕቃውን በእጁ እያገላበጠ ይከራከር ነበር። አሁን ገበያው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ቴሌግራም ወይም ኢቤይ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ ነው። ገዢው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ ቁጭ ብሎ ፎቶ ያያል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ በቴሌብር ይልካል፤ ወይም አሜሪካ ያለች እህቱን "ክፈይልኝ" ይላል። ወረቀቱን ግን አልነካውም። ፎርጅድ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

በዚህ ከተማ በብዛት የሚፈለጉት የተፈረመባቸው የእንግሊዝ ክለቦች ማሊያዎች፣ የቦብ ማርሌ ነገሮች፣ የአትሌቶቻችን ፎቶዎች፣ የድሮ ዘፋኞች ሸክላዎችና የንጉሡ ደብዳቤዎች ናቸው። በሕይወት ያለ አትሌት ፊርማ የሚፈልግ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል። አትሌቶቹ እዚሁ ናቸው፤ በታላቁ ሩጫ ሰሞን ቲሸርት ይዞ መጠበቅ ከየትኛውም ሻጭ ይሻላል።

የማህተም ነገር

እኛ አገር ፊርማ ብቻውን አይታመንም። የቀበሌ ደብዳቤ ክብ ማህተምና ቲተር ከሌለው ማንም አይቀበለውም። ይህ ልማድ ፊርማ ገዢውን ጉድ ይሠራዋል። ሻጩ "ሰርተፍኬት አለው" ካለው ልቡ ይረጋል። ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ ደግሞ ፊርማውን ራሱን ማየት ይተዋል። ሰርተፍኬት ግን ማንም ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ሰው የሚያወጣው ነገር ነው። ፊርማውን ፎርጅድ ያደረገ ሰው ወረቀቱን ይተወዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ "ኦፐሬሽን ቡልፔን" ብሎ በሰየመው ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ፊርማ በገፍ የሚያመርቱ ሰዎችን ያዘ። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል በማዘር ቴሬዛ "የተፈረሙ" የቤዝቦል ኳሶች ነበሩ። ማዘር ቴሬዛ ኳስ ላይ ለምን ይፈርማሉ? የሐሰት ሰርተፍኬት አብሮ ስለነበር ጥያቄው ለብዙ ገዢ አልመጣለትም።

ክብደት ያላቸው አረጋጋጮች አሉ። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ዕቃው ላይ ቁጥር ያለው ስቲከር ይለጥፋሉ፤ ቁጥሩ በድረ ገጻቸው ይፈተሻል። ሻጩ የላከውን ሊንክ ግን አይንኩ፤ አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ። ቁጥሩ ቢገኝ እንኳ ዕቃው ያው መሆኑን ያመሳክሩ። ከእውነተኛ ዕቃ ላይ የተቀዳ ቁጥር ፎርጅድ ስቲከር ላይ ሊታተም ይችላል። ለቦክሰኛው ሞሐመድ አሊ ፎቶ የተሰጠ ቁጥር ማሊያ ላይ ተለጥፎ ቢያገኙት ነገሩ አለቀ። እነዚህ ድርጅቶችም ቢሆኑ አስተያየት ነው የሚሰጡት፤ ሲፈረም እዚያ አልነበሩም።

መስመሩን ማንበብ

ሰው ስሙን ሲፈርም አያስብም፤ እጁ ይሮጣል። ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሳይቆምም ይነሳል። ስለዚህ የእውነተኛ ፊርማ መነሻና ጅራት ይቀጥናል። ኩርባው ላይ መስመሩ ይወፍራል፤ ቀጥ ሲል ይሳሳል። አስመሳዩ ግን አይጽፍም፤ ይሥላል። ቀስ ስለሚል መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወፍራል፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፎቹ ድፍን ይሆናሉ። ቀና ብሎ ናሙናውን ያየበት ቦታ ላይ ቀለም ተጠራቅሞ ነጥብ ይሠራል።

ይህን በተራ ፎቶ ማየት አይቻልም። ሻጩን በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁት። ደግሞም ወረቀቱን አጋድሞ፣ የስልክ መብራት ከጎን አብርቶ ያንሳው። በእስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ግፊቱ የሠራው ጎድጓዳ ጥላ ይጥላል። እምቢ ካለ፣ ወይም "ወንድሜ ገዢ ብዙ ነው፤ ፍጠን" ካለ ላሽ ይበሉ።

ዕቃው እጅ ከገባ ሥራው ይቀላል። ሰዓት ሠሪዎችና ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ትንሽ ማጉያ ለአፍታ መዋስ ነው። በማጉያው ውስጥ መስመሩ ወደ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ከተበተነ ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ ታትሟል፤ ማንም አልፈረመውም። ማሊያ ላይ ደግሞ የማርከር ቀለም ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ የታተመው ላይ ላዩን ይቀመጣል።

የብር ኖት መፈተሻዋ ሰማያዊ መብራትም ታገለግላለች። ወረቀት የሚያነጡ አንጸባራቂ ኬሚካሎች በስፋት መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ገደማ ወዲህ ነው። የ1930ዎቹ ነው የተባለ ደብዳቤ በመብራቷ ስር ነጭ ሸሚዝ ዳንስ ቤት ውስጥ እንደሚያበራው ቦግ ካለ ወረቀቱ አዲስ ነው።

አንዳንዱ ፊርማ ደግሞ ውሸቱ ሌላ ነው። አውቶፔን የሚባል ማሽን እውነተኛ ብዕር ይዞ ይፈርማል፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችና የጠፈር ተጓዦች ተጠቅመውበታል። ምልክቱ ሁለት ፊርማዎች ሲደራረቡ ፍጹም አንድ መሆናቸው ነው። የሰው እጅ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ለእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ለቢትልስ ደግሞ ረዳቶቻቸው ኒል አስፒናልና ማል ኢቫንስ ይፈርሙላቸው ነበር። ወረቀቱ በዘመኑ የነበረ፣ ቀለሙም የዘመኑ ይሆናል፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ነው።

ዘመኑን መቁጠር

ከማጉያው በፊት ግን ካላንደር ይቀድማል። በነፃ ነው፤ ብዙ ፎርጅድም እዚህ ላይ ይወድቃል። ሞሐመድ አሊ ይህን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ በ1962 "ሞሐመድ አሊ" ብሎ ሊፈርም አይችልም። ሻርፒ ማርከር ገበያ የወጣው በዚያው በ1964 ነው፤ ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ የሞተችው በ1962፤ ስለዚህ በሻርፒ ልትፈርም አትችልም። ጨረቃ ላይ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ለጠየቀው ሁሉ መፈረም ያቆመው በ1994 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈረመ የተባለ ነገር ሲመጣ ጥርጣሬው ከፍ ይላል።

የእኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ንጉሡ "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ" የተባሉት በ1922 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ ነው፤ የዘውድ በዓላቸው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ነበር። ከ1922 በፊት ተፈሪ ነበሩ። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም የመኪና አደጋ ደርሶበት ነበር፤ በ1966 ዓ.ም አረፈ። አደጋው የእጁን ጽሑፍ ለውጦት ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ ፈረመው የተባለ ነገር ከሮም ዘመን ፊርማው ጋር ብቻ ተነጻጽሮ መፈረድ የለበትም። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 ዓ.ም ነው። የድሮ ዘፈኖቹ ከዚያ በኋላ እንደገና በታተሙበት ሸክላ ላይ ፊርማው ካለ፣ ከመቃብር ተነስቶ ካልፈረመ በቀር ሊሆን አይችልም። የሸክላውን የታተመበት ዓመት ከሽፋኑ ጀርባ ማንበብ ደቂቃ አይፈጅም።

የንጉሡን ደብዳቤ በተመለከተ አንድ ነገር ይጨመር። ናሙና ለማየት ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጎብኘት ይጠቅማል። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝም ደግሞ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ክፍያና መመለስ

የቴሌግራም ሻጭ ብሩ ከደረሰው በኋላ ብሎክ ቢያደርግዎት ብዙ ማድረግ የሚችሉት ነገር የለም። በአካል ተገናኝቶ፣ ዕቃውን አይቶ መክፈል ነው የሚያዋጣው። ፔይፓል በሚባለው የኦንላይን ክፍያ ላይ "ለወዳጅ ዘመድ" በሚለው መንገድ ይላክ የሚል ሻጭ ካለ የገዢ ዋስትና እንዳይኖርዎት እየፈለገ ነው።

ኢቤይ የተሻለ ነው፤ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሰው ችግሩ ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ቨርጂኒያ ካለችው እህቱ በር ላይ ከደረሰበት መሆኑ ነው። እሷ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛው እስክትመጣ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ ፖስታው እንደደረሳት ትክፈተው፤ ፊርማውን ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ አንስታ ያን ቀኑን ትላክ።