«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፤ ኤልሮኢንስ ማን አወጣው?

ይህን አባባል ክርስትና ድግስ ላይ ብዙም አትሰሙትም። ሕፃኗ ገና ለስሟ ዞር ማለት አልጀመረችም። ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣትም የሚያውቅ የለም። አባባሉ ተራው የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ትዕግሥት የተባለችው ልጅ አድጋ፣ አግብታ፣ የባሏን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ችላ ስትኖር ያየ ጎረቤት «እውነትም ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ሰላም የተባለችው ደግሞ በየዕድሩ ስብሰባ ጠብ እያነሳች ካስቸገረች፣ ያው ሰው ያንኑ አባባል በአሽሙር ይደግመዋል። «መልአኩ ያን ቀን እንቅልፍ ጥሎት ነበር» ብሎ የሚጨምርም አይጠፋም።

ትርጉሙ አያስቸግርም። ስሙን የሚያወጣው አባት፣ እናት ወይም አያት ነው። ግን ሰው ሳያውቀው የልጁን ዕጣ ፈንታ አስቀድሞ ተናግሮታል፤ አፉ ላይ ቃሉን ያኖረለት ሌላ ነው፣ ማለት ነው። ስለዚህ አባባሉ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚያይ ነው። ግብሩ ከስሙ ጋር ሲገጥም ይነሳል፣ ሳይገጥም ደግሞ ይፌዝበታል። ለትንቢት የሚጠቀምበት ሰው አላጋጠመኝም።

በአንጻሩ «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» የሚል ሌላ አባባል አለን። ይሄኛው መልአኩን ጭራሽ አያነሳውም። ቤተሰብህ ሞኝ ካለህ መንደሩም ሞኝ ይልሃል ነው ነገሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የኋለኛው ለዕለት ኑሮ የሚቀርብ ይመስለኛል። የፊተኛው ግን ያምራል፤ ለዚህም ነው አፍ ላይ የቀረው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ ልውሰዳችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ አንዲት የማውቃት ወጣት እናት ሴት ልጅ ወለደች። እንደ ደንቡ በ80ኛው ቀን ክርስትና ተነሳች፤ የክርስትና ስሟም ወለተ ሥላሴ ተባለ። በዚህ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ለዚሁ ብለው ከመንዝ የመጡት አያት የመጠሪያ ስሟን ሲጠይቁ ነው።

«ማን አላችኋት?»

«ኤልሮኢ፣ እማዬ።»

«ኤል… ማን?»

«ኤልሮኢ። የሚያየኝ አምላክ ማለት ነው።»

አያት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አደረጉ። «በእኛ ዘር እንዲህ የሚባል ሰው አለ? አማርኛው ምን አላችሁ? እኔ ዓለምነሽ ነው የምላት!» አሉ። ቃላቸውን ጠብቀው እስካሁንም ዓለምነሽ ይሏታል። ግቢው ውስጥ ያሉ ልጆች ደግሞ ኤልዬ ይሏታል። ጎረቤት ከሁለቱ የቱን እንደሚከተል ገና አልለየም።

ኤልሮኢ አዲስ ፋሽን ቢመስልም ቃሉ የቆየ ነው። የሚገኘው ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ላይ ነው። ግብፃዊቷ አጋር የሦራ አገልጋይ ነበረች። ከአብራም ፀነሰች፣ እመቤቷ አስጨነቀቻት፣ እሷም ሸሸች። ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ፣ በረሃ ውስጥ፣ ምንጭ አጠገብ መልአክ አገኛት። «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያም የምትወልደውን ልጅ እስማኤል ብላ እንድትጠራው ነገራት፤ እግዚአብሔር መከራሽን ሰምቷልና ብሎ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ መልአክ ለልጅ ስም ሲያወጣ መጀመሪያ የምናነበው እዚሁ ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ስም ማውጣቱ ወደ እሷ ይዞራል። ያቺ ቤት የሌላት፣ ሸሽታ የምትንከራተት ገረድ ለተናገራት አምላክ ስም ታወጣለች፦ ኤልሮኢ። ውኃውም በዚሁ ምክንያት ብኤርለሃይሮኢ ተባለ። ስለዚህ የጠባሴዋ ሕፃን የተሰጣት ስም መልአክ ያወጣው ሳይሆን ሴት ያወጣችው ነው። መልአኩ ያወጣው እስማኤልን ነው።

የአባባሉ ሥር ከዚህና መሰል የመጽሐፍ ታሪኮች የተመዘዘ ይመስለኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዘወትር ሲነበብ የኖረ ነገር አፍ ላይ ቢቀር አይደንቅም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቅዱስ ገብርኤል ለዘካርያስ «ስሙን ዮሐንስ ትለዋለህ» ይለዋል፤ ለእመቤታችንም «ስሙን ኢየሱስ ትይዋለሽ» ይላታል። እኔን የሚያስቀኝ ግን በዮሐንስ ግዝረት ቀን የሆነው ነው። ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊለው ተነሳ። ኤልሳቤጥ «አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል» አለች። እነሱም ምን አሏት? ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ ማንም የለም! ዘካርያስ መናገር ተስኖት ስለነበር ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጽፎ ገላገላቸው። የመንዟ አያት ጥያቄ እንግዲህ የ2000 ዓመት ዕድሜ አለው።

ሰሜን ሸዋ ራሱ የዚህ አባባል ምስክር የሚሆን ታሪክ አለው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ናቸው። እናቱ በቤተ መንግሥቱ የምታገለግል ሴት ነበረች፤ ስሟ እጅጋየሁ። ሲነገር እንደኖረው ፀሐይ ከእሷ ስትወጣ በሕልሟ አይታ ነበር። የንጉሥ ልጅ ከአገልጋይ መውለዱ ሲሰማ ቤተ መንግሥቱ ሳይሸማቀቅ አልቀረም። «ምን ይልህ ሸዋ» ተባለ ይላሉ። ይህች የሐፍረት ቃል ናት በኋላ ምኒልክ የሆነችው ተብሎ ይተረካል። አያትየው ይህ ስም ያለው ሰው ታላቅ እንደሚሆን ከአንድ መነኩሴ ሰምተው ነበር የሚልም አለ።

ትረካውን የፈለጋችሁትን ያህል እመኑት። የማይካደው ይህ ነው፦ አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስም ሲወለዱ ካሳ ነበሩ፤ ዙፋን ላይ ሲወጡ ስም ቀየሩ። ተፈሪም ሲነግሡ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ምኒልክ ግን ከአንጎለላ ይዘውት በወጡት ስም ነገሡ። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል የሸዋ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ያመጣል?

ደግሞ የእናታቸውን ስም ልብ በሉ። አገልጋይ፣ ፀንሳ የምታፍር ሴት፣ ስሟ «እጅግ አየሁ»። አጋርም አገልጋይ፣ ፀንሳ የሸሸች፣ ለአምላኳ «የሚያየኝ» የሚል ስም ያወጣች። ይህን ለመንዟ አያት ብነግራቸው «ታዲያ እጅጋየሁ አትሏትም ነበር?» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። ደግሞም አይሳሳቱም።

ምክንያቱም የድሮ የሸዋ ሴት ስም ዓረፍተ ነገር ነበር። የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ፣ ሚስታቸው በዛብሽ። ከእነሱ በኋላም በላይነሽ፣ አሰገደች፣ ሸዋረገድ፣ የሺእመቤት። ስሙን ስትሰማ ቤቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ትገምታለህ፤ ምኞት፣ ሙግት፣ ጦርነት፣ ጥጋብ። አንዳንዱ ስም ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነው። የአሁኑ ስም አጭር ነው። ትርጉሙ ከስልክ ላይ ይፈለጋል። ለውጭ አገር ፊደል እንዲመች ይታሰባል። ናርዶስ፣ ፌቨን፣ ሶልያና፣ ሐሴት የመጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ አሁን ማንም አይደነግጥባቸውም። ኤልሮኢ ገና እንግዳ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከወንጌላውያን ቤተሰቦች ነበር፤ አሁን ማተብ ያሰረችም አያለሁ። ለወንድም ለሴትም ይወጣል።

ከነችግሩ ነው ታዲያ። አንደኛ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሮ እና ኢን ነጣጥሎ መጥራት ይሰለቸዋል፤ ስለዚህ በአፍ «ኤልሮይ» ይሆናል። ሁለተኛ፣ «የእግዚአብሔር መጠሪያ ለሰው እንዴት ይሰጣል?» የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ግን አማኑኤል ብለን ስንጠራራ ኖረን በኤልሮኢ ላይ ብቻ መክረር ትንሽ ያስተዛዝባል። ሦስተኛው የወረቀት ጣጣ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀን ነው። ስም ለክርስትናው ቀን የሚያቆይ ቤተሰብ እንግዲህ የሚቀረው 10 ቀን ነው። በጥድፊያ ሄደው ኤልሮይ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዘው የሚመለሱ አሉ። ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት፤ በኋላ ማስተካከሉ ምልልስ አለው።

አባባሉን ስትጠቀሙ ደግሞ ሰው ለዩ። ስሟና ኑሮዋ የገጠመላት ሴት ፊት ስትሉት ምርቃት ነው። ሀብታም ተብሎ ድህነት ያንገላታው ሰው ፊት ካላችሁት ግን ስድብ ነው፣ አይረሳላችሁም። ስለ ሹም ሲባል ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። አራስ ቤት ገብታችሁ የማታውቁት አዲስ ስም ከሰማችሁም አባባሉን ተዉት፤ «ያሳድግልሽ» በሉና ገንፎውን ብሉ።